ያልገለጥኩት ገጽ

ልንገርህ፤ በዚያ የድንበር ጦርነት በደብዳቤ የሚስተካከለኝ ወታደር አልነበረም። ትናንት ሣጥን ስናራግፍ ደብዳቤዎቼ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ወጡ፤ ዛሬም የምሽግ አቧራ ይሸታሉ። የኔ ደብዳቤ አገሬ ይጁቤ ሲደርስ ገበያው ይፈታል፣ በሬው ማመንዠኩን ያቆማል! ጉድለቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ከዲማ የመጣ ዲያቆን ጓዴ ይጽፋል። ሚስቴን ያገባኋት ግን «የተማርኩ ነኝ» ብዬ ነው፤ አባቷም የሰጡኝ ይህንኑ አምነው ነው። ከመድፉ ይልቅ የሚያባንነኝ ይህ ውሸት ነበር።

እሷም ያኔ አታነብም። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆመው ጮክ ብለው ያነቡላታል። «ዓለሜ፣ ናፍቆትሽ ገደለኝ» የሚለው በቄሱ ወፍራም ድምፅ ሲወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይወትፋሉ። ይህ አንገበገባትና ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች።

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ የምሽጉን ጆንያ ማሞቅ ስትጀምር፣ በራሷ እጅ የጻፈችው ደብዳቤ ደረሰኝ። ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ «ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።»

ደንግጦ ቆመ።

«ቀጥል እንጂ!» አለ መትረየስ ተኳሹ። «ብቻውን እኮ ነው፤ እኛ የለንም!»

ዲያቆኑ ማንበቡን ቀጠለ፤ «ከእንግዲህ የማነበው ራሴ ነኝ። ቄሱን አትፈር፤ የሆድህን ጻፍልኝ።»

ምሽጉ በፉከራ ተናወጠ። ማዶ ያለው ጠላት ማጥቃት የጀመርን መስሎት ሳምንት አልተኛም። እኔም በቃሌ እስክይዘው ድረስ ዲያቆኑን አርባ ጊዜ አስነበብኩት።

አሸንፈን ተመለስን። መንደሩ በእልልታ ሲቀበለኝ ሚስቴ ደብዳቤዋን ከደረት ኪሴ መዝዛ በአባቷ ፊት ሰጠችኝ።

«በል አንብብልኝ፤ በድምፅህ ልስማው።»

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ እንደ ዳዊት አነበነብኩት። አባቷ በኩራት ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ከጎኔ ቆማ የምትከተለኝ ሚስቴ ጆሮዬ ሥር መጣች።

«ገጹን ግለጥ እንጂ፤ ይሄ የምትለው እኮ ከጀርባው ነው የተጻፈው።»

ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን በጣቷ ቀስ ብላ ገለጠችልኝና «ጨርስ» አለች። ጨረስኩ፤ እልልታው ቀለጠ።

አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ትንፍሽ አላለችም። ሀ ሁን ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ በር ዘግታ። እሷ በጥቂት ወራት የጨረሰችው እኔን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ዛሬም ሳነብ በጣቴ እየተከተልኩ ነው።