አንድ ተኩል ሰው

አለቃችን ቅዳሜ ቅዳሜ ስታትስቲክስ መማር ከጀመረ ወዲህ ሰኞን ጠላናት። ቅዳሜ የተማረውን ሰኞ እኛ ላይ ይለማመዳል። እኔ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ አጣፊ ስለሆንኩ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው የማየው፤ መከራው የወረደው ካውያ ክፍል ላይ ነው።

እንዲማር ያዘዙት የበላዮቹ ናቸው። "ተጠባባቂ ኃላፊ" ከሚለው ማዕረጉ ላይ "ተጠባባቂ" የምትለዋ እንድትነሳለት ሰርተፊኬት ያስፈልጋል ተባለ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱ ደግሞ ወረቀት ሊይዝ ነው።

መጀመሪያ የተማረው አማካይን ነበር። የካውያ ክፍሉ ስምንት ሴቶች በቀን የሚተኩሱትን ሸሚዝ ደምሮ ለስምንት አካፈለና ሰባቱን "ከአማካይ በታች ናችሁ!" ብሎ ተቆጣ። ጥፋተኛዋ ባቡር ናት። ባቡር የምንላት ልጅ ብቻዋን የሁለት ሰው ትተኩሳለች፣ ኮሌታ ተጨማደደ አልተጨማደደ ግድ የላትም፤ አማካዩን ይዛው ሽቅብ ወጣች።

ቀጥሎ ሜዲያን መጣ። ሁሉንም ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አሰልፎ መሃሉን መያዝ ነው። ይሄኛው በባቡር አይታለልም ብሎ ደስ አለው። ሰኞ ግን "ግማሾቻችሁ ከመሃል በታች ናችሁ፣ አታፍሩም?" አለ። ታዲያ ግማሹ ሰው ከታች ካልሆነ መሃሉ በምን መሃል ሊባል ነው? ደፍሮ የጠየቀው የለም፤ እኛ ግን አንሶላ ውስጥ ተሸፍነን ሳቅን።

ኳርታይል የመጣ ዕለት ሳቃችን ቆመ። ሰልፉን ለአራት ቆረጠውና የታችኛው ሩብ፣ ማለትም ከስምንቱ ሁለቱ፣ ምድር ቤት ወርደው በእጅ እንዲያጥቡ አዘዘ። "በሚቀጥለው ወር ታችኛው ሩብ ላይ አንድም ሰው አይገኝም!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ሩብ ጉዳይ" የሚል ስም ያወጣንለት ያኔ ነው።

ስድስት ቀሩ። ደንግጠው ሁሉም ፈጠኑ። ግን ጉድ እኮ ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ታችኛው ሩብ ላይ አሁንም ሰው አለ። የስድስት ሩብ ደግሞ አንድ ተኩል ነው። አንዷ ወረደች። ግማሿ እትዬ ሆነች።

እትዬ የአለቃችን ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እኛም ሁላችን እትዬ ነው የምንላት። ኮሌታን ከውስጥም ከውጭም ካልተኮሰች አትለቅም፣ የሚያዘገያትም ይኸው ነው። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟታል። የካውያው ሙቀት ያስታግስላታል፤ የምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ጠላቷ ነው። ይህን ከማንም በላይ ወንድሟ ያውቃል።

"ለእህቱ አዳላ እንዳልባል ነው፣ እትዬ" አላት ዓይኗን ሳያይ። "ግማሽ ስለሆንሽ እስከ ምሳ እዚህ፣ ከምሳ በኋላ ታች።"

"የትኛው ግማሼ ነው የሚወርደው?" አለችው። "እግሬ ከሆነ ውሰደው፣ እጄን ግን ተውልኝ።"

"ቁጥሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለና ሄደ። እኔ በበኩሌ ያን ቀን አንሶላውን በሱ ጭንቅላት ላይ ባጣጥፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ሰርተፊኬቱን የሚቀበልበት ቀን ደረሰና ከምሳ በኋላ ነጭ ሸሚዙን ሊወስድ መጣ። ሸሚዙ ቀኝ ጎኑ ተተኩሶ ያብለጨልጫል፣ ግራ ጎኑ ግን እንደተጨማደደ ነው።

"እትዬ! ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ወደ ምድር ቤት ተጣራ።

እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። "መሃሉ ላይ ስደርስ ምሳ ሆነ፣ ወንድሜ። አምጣ፣ ልጨርስልህ።" ካውያውን ልታነሳ ሞከረች። ጣቶቿ አብጠው እጀታው ላይ አልታጠፍ አሏት።

አየ። በሁላችንም ፊት ፊቱ በሀፍረት ቀላ። ካውያውን ወሰደና ግራ ጎኑን ራሱ መተኮስ ጀመረ። እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጣቶቿን ወደ ሙቀቱ አስጠጋች። ባቡር ሦስት ሸሚዝ ስትጨርስ እሱ ገና አንድ እጅጌ ላይ ነበር።

"ኮሌታውን ከውስጥም" አለችው እትዬ።

"እሺ" አለ። ከዚያ ቀና ሳይል "ነገ አትወርጂም" አላት።

"እኔ ብቻ?"

"ማንም አይወርድም። የወረዱትም ይመለሳሉ።"

"ታዲያ ታችኛው ሩብ ላይ ማን ሊኖር ነው?" አለች ባቡር።

እጅጌውን ገልብጦ አየው፤ መጨማደዱ አልለቀቀም።

"እኔ አለሁ" አለ።