ሁልጊዜ የሚመጣው መስመር

ወንድሜን እኛ ቤት «ቆፋሪው» እንለዋለን፤ አካፋ ግን ጨብጦ አያውቅም። ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ የማርስን ከርሠ ምድር ማንበብ ነው። እዚያ የምትዞረው ሰው አልባ መኪና ሆዷ ሥር ራዳር አላት። ሞገዱ መሬት ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ወይም በረዶ ሲነካ ይመለሳል፤ የተመለሰው በወንድሜ ስክሪን ላይ መስመር ይሆናል። ሰው ሁሉ ይቀናበታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ግራጫ መስመር ላይ ሲያፈጡ መዋል ነው።

ሚስቱ ማታ ማታ ሳህን እያጠበች «ወይ ጎኔን!» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን በላስቲክ ሙቅ ውሃ ያቀብላት ነበር። ሲከርም ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ሐኪም ቤት ውሰዳት እንጂ፣ አንተ ሰው!» ብዬ ብጮህበት «እትዬ፣ እሷ እኮ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትለው» አለኝ። በሱ ቤት መልስ መስጠቱ ነው።

ሥራውም ያስለመደው ይህንኑ ነው። የመኪናዋ የራሷ ብረት ያስተጋባል፤ በእያንዳንዱ ምስል ላይ እነዚያኑ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይጥላል። ስለዚህ ወንድሜ መጀመሪያ የማይለወጠውን ሁሉ ቀንሶ ያወጣና የተረፈውን ያነባል። የአንድ ሸለቆ ምስል በዚህ መንገድ አጽድቶ «ከሥሩ ምንም የለም» ብሎ ጻፈ። መኪናዋም ሳትቆፍር አለፈች።

አንድ ቀን ለስብሰባ ሲዘጋጅ የዚያን ሸለቆ ያልጸዳ ምስል ከፈተ። መኪናዋ ጉብታ ስትወጣ ከመስመሮቹ አንዱ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል። ከብረቷ የመጣ ቢሆን ካለበት ንቅንቅ አይልም ነበር። ከመሬቱ ሥር ለጥ ብሎ የተኛ ንጣፍ ነው፤ ምናልባትም ስንት ዓመት የተፈለገው በረዶ። ሁልጊዜ እዚያው ስለነበረ ወንድሜ ከቆሻሻው ጋር ጠርጎ ጥሎታል። መኪናዋ ደግሞ አሁን ጎማዋ ተሰብሮ መመለስ አትችልም።

አለቃው «አይዞህ፣ የማይሳሳት የለም» አለው። እሱ ግን ክው ብሎ ነበር። ሥራውን ጥሎ በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ገባ።

«ጎንሽን ዛሬም ያምሻል?»

ሚስቱ ግራ ገብቷት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ምን ነካህ? እሱማ መቼ ተወኝና!»

ያኔውኑ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ እኔም ተጠርቼ ደረስኩ። ሐኪሙ ጎኗን በመሣሪያ እያሸ ስክሪኑን አየ፤ ደግሞ አየ። «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ወንድሜን ልሰድበው ተነስቼ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን አቅፎ ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን በላውና ተውኩት።

አሁን ሳህን የሚያጥበው እሱ ነው። እሷ ወንበር ላይ ሆና ታየዋለች፤ «ጎኔን» ማለቱን ትታለች። ሲጠይቃት «ዛሬ ደህና ነኝ» ትለዋለች። ትናንትም ያንኑ ነው ያለችው፤ ከትናንት በስቲያም። ያን ጊዜ ቧንቧውን ይዘጋና መጥቶ እርጥብ እጁን ጎኗ ላይ ያሳርፋል።

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ» ትለዋለች።

እሱ ግን እጁን አያነሳም።