ናሆም አልጠጣም ያለ ቀን

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ለት ማታ አባቴ የወንድሜን ግንባር በቢራ ጠርሙስ ፈነከተው። ሽኝቴ ላይ ነው። ወንድሜ «አባዬ፣ ይብቃህ፣ እንግዳ እያየ ነው» ብሎ ጠርሙሱን ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ነው የመታው። እናቴ ደሙን በነጠላዋ እየጠረገች ለጎረቤቶቹ «ደረጃው አዳልጦት ነው» አለች፣ ደረጃ በሌለው ቤት። እኔም ልብስ ሳልቀይር ቦሌ ደረስኩ።

ሎስ አንጀለስ ስገባ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ እጅጌዬን አየና «ደም ነው?» አለኝ። «ሽኝት ነበረን» አልኩት በምችላት እንግሊዝኛ። ትንሽ አሰበና «ምግብ ይዘሻል?» አለኝ። እሱን ያሳሰበው ሻንጣዬ ውስጥ ያለው በርበሬ ነው።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ አሜሪካ ሰው ሁሉ ሲጠጣ የሚውል ይመስላችሁ ይሆናል። ለእኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሬስቶራንቶች ባንዱ ባር ላይ ስቀጠር፣ እዚህም የሰካራም ፊት ላይ ነው እንዴ የምውለው ብዬ አልቅሻለሁ። ግን እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ሰብሰብ ብለው ይመጡና ክትፎውን አዘው፣ ያውም የእኛ ቅቤ የሌለበትን ክትፎ፣ የሚጠጡት ሎሚ የገባበት ውሃ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ እያዩዋቸው ይንገበገባሉ። «እኛ በነሱ ዕድሜ ጠረጴዛው እስኪጠበን ነበር የምናዘው። እነዚህ ከገዳም ነው የመጡት?» ይሉኛል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሼ ሙሉጌታ የልጃቸውን የናሆምን ምርቃት ሊያከብሩ መጡ። ጋሼ ሙሉጌታ ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ ደንበኛችን ናቸው። ሳይጠጡ ጨዋ፣ ሲጠጡ ሌላ ሰው። ናሆም የተመረቀው በነርስነት ነው፤ ጓደኞቹም፣ የአባቱ እኩዮችም ነበሩ።

አባትየው መጠጡን እየደጋገሙ ከቆዩ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውስኪ ልጃቸው ፊት አስቀመጡ።

«ዛሬ ሰው ሆነሃል። ከእኔ ጋር ትጠጣለህ።»

«ዳድ፣ እኔ አልጠጣም። ታውቃለህ።»

«ሰው ፊት ነው የምልህ።»

«ኦኬ፣ ግን አልጠጣም» አለና ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ወደሳቸው መለሰው።

ያንኑ ብርጭቆ አንስተው ፊቱ ላይ ሰበሩት። ቅንድቡ ተተረተረ፤ ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ናሆም ጂም የሚሠራ ጠንካራ ልጅ ነው፣ አንድ ቡጢ ቢሰነዝር አባቱ አይነሱም ነበር። እሱ ግን ሁለት እጁን ኪሱ ከተተና ቆመ። ይመስለኛል ይበልጥ ያሳበዳቸው ይሄ ነው። ወንበር አነሱ። እንዴት መሃል እንደገባሁ አላውቅም፤ ወንበሩ ቀኝ ክንዴ ላይ ሲያርፍ የአጥንቴን መሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ሁለተኛውን ሲሰነዝሩ ስተውኝ የባሩ መስታወት ረገፈ። የናሆም ጓደኞች ተረባርበው መሬት ላይ ያዟቸው፤ እሳቸው ከሥር እየተራገጡ የልጁን እናት ይሳደባሉ።

ፖሊስ ገና ከመግባቱ ወጣቶቹን ግድግዳ አስደገፋቸው።

«ምን ያህል ጠጥታችኋል?»

«ውሃ» አለች አንዷ።

«ታዲያ የሰከረው ማነው?»

ልጆቹ ባንድ ላይ ወደ ናሆም አባትና ወደ እኩዮቻቸው ጠቆሙ። ፖሊሱ ከረባት ወዳሰሩት ትልልቅ ሰዎች ዞረ፤ ወጣቶቹንም ከግድግዳው ለቀቃቸው።

እትዬ አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አዳልጦት ነው በይ፤ የሐበሻ ስም ነው የሚጠፋው» አሉኝ። ሌሎቹም ናሆምን ከበው ይለምኑታል፦ አባትህ ነው፣ እዚሁ ይቅር። ናሆም ቅንድቡን በፎጣ እንደያዘ ለፖሊሱ፣ «አባቴ ነው የመታኝ። የመጀመሪያውም አይደለም» አለው። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። «እኔንም እሳቸው ናቸው» አልኩ። ጋሼ ሙሉጌታን በካቴና ይዘዋቸው ወጡ።

አንዷ ጓደኛው ድራይቭ እያደረገች ሁለታችንንም ሆስፒታል ወሰደችን። ከኋላ ወንበር ሆነን፣ ሕመሙንም ለመርሳት፣ «ለምንድነው የማትጠጡት?» አልኩት።

«ሶ፣ ሁላችንም የየራሳችን ምክንያት አለን» አለ። «እሷ ቪዲዮ ትፈራለች፤ ሰክረሽ ከተቀረጽሽ ሥራ ቦታ ድረስ ይከተልሻል። አንዳንዱ ለሰውነቱ ነው። ዊድ የሚያጨስም አለ፣ ቅዱሳን አይደለንም። እኔ ግን…» ፎጣውን ገልብጦ ያዘ። «ልጅ ሆኜ ዳድ በር ሲከፍት አዳምጥ ነበር። ቁልፉ ቶሎ ከገባ እንተኛለን። ቀዳዳውን ከሳተ፣ እህቴን ይዤ ቁምሳጥን ውስጥ እገባለሁ። አሁንም ውስኪ ሲሸተኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ኪሴ የከተትኩት እንዳያዩብኝ ነው።»

በደህናው እጄ ትከሻውን ያዝኩት።

ዳኛው ጋሼ ሙሉጌታን መጠጥ ለማቆም ሕክምና እንዲገቡ አዘዟቸው። ይሄዳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን ናሆምን ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞራሉ። እሱም ልብሱን ሰብስቦ ዌስትቼስተር ሰፈር ጓደኛው ጋ ገብቷል። እኔን ደግሞ ሰላም የማይሉኝ ደንበኞች አሉ፤ ምግባቸውን በግራ እጄ አቀርብላቸዋለሁ።

ይሄንን ለእናቴ የነገርኳት እዚህ ሲነጋ፣ እዚያ ሲመሽ ደውዬ ነው።

«ልጁ ራሱ ተናገረ?» አለችኝ።

«ራሱ።»

«አባቱ ላይ?»

«አባቱ ላይ።»

«ከዚያስ የት አደረ?»

«ጓደኛው ቤት።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱስ የሚሄድበት አለው» አለች።

«እማዬ፣ አንቺም እኮ…» ብዬ ስጀምር፣ ከበስተኋላዋ የቆርቆሮው በር በእግር ሲመታ ሰማሁ።

«መጣ» አለችና ዘጋችው።

ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም።