በሰማይ ላይ የተደረገ ወዳጃ

የከሚሴዋ ዘይቱና ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ከጨፋ ገበሬዎች ቅቤ ትሰበስባለች፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ወርዳ ትሸጣለች። ቅቤዋ መልካም ነው፤ ስሟን ያስጠራው ግን ቅቤዋ ሳይሆን አፏ ነው። ዘይቱና ከመረቀች የተጣላት ሰው እንኳ ሳይወድ በግዱ እጁን ይዘረጋል። ከተሳደበች ደግሞ... እሱን እንኳ እንተወው፣ ዛሬ የደስታ ወሬ ነው የምናወራው።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች እቤቷ ተሰብስበው ለታመመው፣ ለራቀው፣ ዝናብ ለዘገየበት ዱዓ ያደርጋሉ። ወሎ ይህን ስብሰባ ወዳጃ ይለዋል። መሪዋ ዘይቱና ናት። እሷ ትመርቃለች፣ ቤት ሙሉ ሴት መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፣ በመጨረሻም ሁሉም ፊቱን በመዳፉ ያብሳል። ለሰው ሁሉ የለመነችው ሲደርስለት ለራሷ ያልደረሰላት አንድ ነገር ልጅ ነበር። ሁለት ባል አግብታ ፈትታለች። «ባል እንደ ገበያ ነው፣ በዚህኛው ካልቀናሽ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው» እያለች ትስቅ ነበር፤ ስለ ልጅ ግን ቀልዳ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ልጅ ራሷ መጣች። አዲስ አበባ ያገባችው ታናሽ እህቷ ሰሊማ በሳንባ በሽታ ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ ሕፃኗን አርቁላት ተባለ። ባሏ ሙሄም የስድስት ወር ልጁን ዓዲላን ይዞ ከሚሴ ድረስ መጣና ለዘይቱና አስታቀፋት።

ዓዲላ በዘይቱና ጀርባ ላይ አደገች። ቅቤ ሲመዘን ከላይ ሆና ታያለች፣ ባቲ ገበያ የወረዱ አፋሮች ተምር ያጎርሷታል፣ ሐሙስ ሲሆን ደግሞ ከዘይቱና ጭን ላይ ተቀምጣ ትንንሽ መዳፎቿን እንደ ትልቅ ሰው ትዘረጋለች። አፏን የፈታችውም በወዳጃ ነው፤ የመጀመሪያ ቃሏ «ሚን!» ነበር። የማሳረጊያውን ነገር ግን አሳስታ ነው የተማረችው። ሰው ሁሉ የየራሱን ፊት ሲያብስ እሷ ዞር ትልና የመራቂዋን፣ የዘይቱናን ፊት በሁለት እጇ ታብሳለች። ሴቶቹ ሊያርሟት ሲሞክሩ ዘይቱና ትቆጣለች።

«ተዋት! የናንተን ፊት ማን ያብስላችኋል? በቅናት ነው እንጂ!»

ልጅቱ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ሰሊማ ድና ከሐኪም ቤት ወጣች። ጊዜው የ1955 ክረምት ነበር፤ ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል። ሰሊማ ግን መንገድ እስኪጠገን የምትታገሥበት አንጀት አልቀራትም። ሙሄ ከኮምቦልቻ በሚነሳው አይሮፕላን ቦታ አስያዘላቸውና ቲኬቱን በሰው ላከ፤ የሰሊማንም ቃል አብሮ ላከ። ቃሏ አጭር ነበረች፦ «እታለም፣ ልጄ ታውቀኝ ይሆን?»

ከሚሴ ስለ አይሮፕላኑ ተንጫጫች። ጎረቤቷ ዘሊካ «ሰማይ ላይ ሆነሽ ቢጨንቅሽ በየት በኩል ትወርጃለሽ?» ብላ አለቀሰችላት። ዘይቱናን እንቅልፍ የነሳት ግን ይህ አልነበረም። ዓዲላ የምትፈራ ልጅ አይደለችም፤ አንዴ ፈርታ ካለቀሰች ግን ቀኑን ሙሉ ከዘይቱና ጉያ አትወጣም፣ ሌላ ሰው ሲነካት በእግር በእጇ ትራገጣለች። አይሮፕላኑ አስለቅሷት ቢያወርዳትስ? ያቺ ከሞት የተረፈች እናት እጇን ስትዘረጋ ልጇ ገፍታ ብትመልሳትስ? ልጅቱን እየሳቀች ማድረስ አለባት። ልጅቱን አስረክባ ስትመለስ እሷ ራሷ በናፍቆት ምን እንደምትሆን ግን ለማሰብ አልደፈረችም።

ስንቁን በመቀነቷ ቋጠረች፦ ተምር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጠጠር ያለበት ትንሽ ቅል። ተምርና ዳቦ ቆሎው አይሮፕላኑ ሳይነሳ አለቀ። ቅሉ ደግሞ ገና ሞተሩ ሲጮኽ ከንቱ ሆነ፤ ማን ይሰማዋል! መሬቱ ከሥራቸው ሲሸሽ የዓዲላ ጆሮ ተደፈነ መሰል፣ አይኗን አፍጥጣ ዘይቱናን አየቻትና አፏን ከፍታ ለቀቀችው። ሞተሩ እንኳ ያን ለቅሶ አልቻለውም።

ዘይቱና ልምዷን ያዘች፤ ነጠላዋን አዘጋጅታ ልታዝላት ብድግ አለች። ለቅሶ ሁሉ መጨረሻው ጀርባ ነው። አስተናጋጇ፣ ጥርሷ እንደ ወተት የነጣ ወጣት፣ እየተንገዳገደች መጣች።

«እናቴ፣ ቀበቶዎን አስረው ይቀመጡ። መቆም አይቻልም።»

«ልጄ፣ ጀርባዬን ለወንበር ሰጥቼ ይቺን በምን ልዘላት?»

አስተናጋጇ ለልጅቱ ከረሜላ ሰጠቻት። ዓዲላ ከረሜላውን ወረወረችው። ከረሜላው ከመተላለፊያው ማዶ በተቀመጡት ሰውዬ ባርኔጣ ላይ አረፈ። ግራዝማች ንጋቱ ይባላሉ፤ የደሴ ሰው ናቸው፣ ጢማቸው የተጠቀለለ፣ ሁለት እጃቸውን በከዘራቸው ላይ ጭነው ወደፊት ብቻ የሚያዩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይቺን ልጅ ዝም አታሰኛትም?»

«ጌታዬ፣ ዘዴ ካለዎት ይንገሩኝ። እኔ የያዝኩትን ጨርሻለሁ።»

በዚህ መሀል አይሮፕላኑ ደመና ውስጥ ገባና ዘጭ አለ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ዘይቱናም ልጅቱንም ሰውንም ረስታ፣ ጨነቃት እንጂ አቅዳ አይደለም፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ያ ረቢ! መሬት ላይ ያልጣልከንን እዚህ አትጣለን!»

«አሚን» አለ ከኋላ አንድ ነጋዴ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

ለቅሶው ተቋረጠ። ዓዲላ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንደተንጠለጠለ ዞር ብላ ነጋዴውን አየችው። ይህን ቃል ታውቀዋለች! ቤቷ ነው ለካ! ሁለት መዳፎቿን ዘረጋችና «ሚን!» አለች።

ዘይቱና ነገሩ ገባት። ልጅቱ ያጣችው ተምር አይደለም፣ ወዳጃ ነው። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ ኢንተለ ኮ» አለቻት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም «ልጄ» እያለች፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«የወጣነውን በሰላም አግባን!»

«አሚን!» አሉ አሁን ሦስት አራት ሰዎች።

«ይህን ብረት ያለ ምሰሶ ያቆምክ ጌታ፣ እስክንወርድ እንዳትለቀው!»

ሰው እየሳቀም እየፈራም «አሚን!» አለ። ዓዲላ ዞራ የዘይቱናን ፊት በሁለት እጇ አበሰችና እንደገና ለመመረቅ መዳፏን ዘረጋች። ግን እንደ ሐሙሱ ቀን ዙሪያውን ማየት ልማዷ ነው፤ ወዳጃ ላይ እጁን ያልዘረጋ ሰው አይታ አታውቅም። አይኗ ግራዝማች ንጋቱ ላይ ደርሶ ቆመ። እጃቸው ከከዘራው አልተነሳም። የልጅቱ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጌታዬ፣ በአላህ፣ እጅዎን ይዘርጉላት» አለች ዘይቱና።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«ይሁኑ እንጂ! ክርስቲያን ሲመረቅ አሜን አይልም? የእርስዎን ይበሉ፣ ለሷ ይበቃታል።»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለኔ የሚሆን ምርቃት ካለሽ እላለሁ።»

«ምን ጉዳይ ይዘው ነው የሚሄዱት?»

«ክርክር ነው። ከወንድሜ ጋር፣ በአባታችን መሬት።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ይርቱ» ብሎ ይገላገል ነበር። ዘይቱና ግን በቅቤ ሚዛን ትንሽ ታጭበረብር ይሆናል እንጂ በምርቃት አታታልልም። መዳፏን ዘርግታ እንዲህ አለች፦

«ያ ረቢ፣ መሬቱን ለሁለት፣ ወንድማማቾቹን አንድ አድርግ!»

ግራዝማች ሴትዮዋን አዩ፣ መዳፏን ዘርግታ የምትጠብቃቸውን ልጅ አዩ። ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው እጃቸውን በቀስታ ዘረጉ።

«አሜን» አሉ፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ሚን!» ብላ ጮኸችባቸው ዓዲላ፣ እንዲህ ነው የሚባለው ለማለት።

«አሜን!» አሉ ግራዝማች በሙሉ ድምፃቸው፣ አይሮፕላኑም በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! ነጋዴው ለጠፋች ግመሉ አስመረቀ። አንዲት ሴት ለእርግዝናዋ፣ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ከቆላ ወደ ደጋ ለመዛወር አስመረቁ። አስተናጋጇ እንኳ ሻይ የምታዞር መስላ ቀረብ አለችና «እናቴ፣ ለኔም» ብላ አንሾካሾከች። «ጥሩ ባል ይስጥሽ፣ እሱም መሬት ላይ የሚኖር ይሁን» አለቻት ዘይቱና፣ አስተናጋጇም ከሁሉ ይበልጥ ጮክ ብላ «አሜን» አለች። ፈረንጁ አብራሪ ጩኸቱ ግራ ቢያጋባው በሩን ከፍቶ አንገቱን ብቅ አደረገ። ዘይቱና እሱንም መረቀችው፦ «አይንህን አላህ ይጠብቅልህ፣ ወደኛ ሳይሆን ወደፊት ተመልከት!» ሰው ሁሉ «አሚን» ሲለው ፈገግ ብሎ በሩን ዘጋ።

አዲስ አበባ ሲቃረቡ የዘይቱና ድምፅ ሻከረ፤ የዓዲላ መዳፍ ግን አልታጠፈም። ዘይቱና ብትስል፣ ምራቋን ብትውጥ፣ ድምፅ የለም። ልጅቱ ጠበቀች፣ ፊቷ መጨማደድ ጀመረ። ያን ጊዜ ግራዝማች ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በይ አንቺ እረፊ፣ እኛም እንመርቃለን» አሉና ወደ ልጅቱ ዘንበል አሉ። «እደጊ፣ ተመንደጊ! ለወለደችሽም ለያዘችሽም ደርሰሽ ጧሪ ሁኚ!»

«አሜን!» «አሚን!» አለ ሰዉ።

ዓዲላ «ሚን!» አለችና ተንጠራርታ የመራቂዋን ፊት በሁለት እጇ አበሰች፤ ያ በሰም የቆመ ጢም ወዲያና ወዲህ ተንጨባረረ። ግራዝማች ዓመታት ሙሉ በክርክር ያልሳቁትን ሳቅ ያን ቀን ሳቁት። አይሮፕላኑ መሬት ሲነካ ልጅቱ እያስካካች ነበር። ዘይቱና «አልሃምዱሊላህ፣ እየሳቀች አደረስኳት!» አለች፣ በሻከረ ድምፅዋ።

ግን ነገሩ ገና አላለቀም ነበር።

ሰሊማ ከሙሄ ጋር ከማረፊያው አጥር አጠገብ ቆማ ነበር። ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ ጉንጯ ገብቷል፣ አይኖቿ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ልጇን ስታይ እጇን ዘረጋች።

ዓዲላ አየቻትና ፊቷን የዘይቱና አንገት ውስጥ ቀበረች። «ቱና» አለች፤ ዘይቱናን እንዲያ ነው የምትጠራት።

የሰሊማ እጆች ወረዱ። ዘይቱና፣ አላህ ይቅር ይበላት፣ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አላት። ይህች ልጅ ከዓለም ሁሉ እሷን መረጠች፤ ይህን የመሰለ ደስታ አይታ አታውቅም። ወዲያው ግን የእህቷን ከንፈር አየች። ልክ እንደ ዓዲላ ከንፈር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጅቱን ከአንገቷ አላቃ በሁለቱ መሀል መሬት ላይ አቆመቻት።

«ሰሊማ፣ እጅሽን መልሰሽ ዘርጊ። ልትይዣት አይደለም፣ ዱዓ አድርጊ።»

«ምን ልበል እታለም? ምን ቃል አለኝ?»

«ያለሽን በይ። እሷ ቃል አትመርጥም።»

ሰሊማ እንደ ወጉ ተንበርክካ መዳፎቿን ዘረጋች። እንባዋ ቀድሟት ወረደ።

«ያ ረቢ... ልጄን ላሳየኸኝ ተመስገን። እናት ሆና ያቆየችልኝን እህቴን አትንሳኝ።»

ዘይቱና «አሚን» ልትል ድምፅ አጣች። ከኋላዋ ሻንጣቸውን ይዘው ሊያልፉ የነበሩት ግራዝማች ንጋቱ ግን ቆመው ነበር፤ «አሜን!» አሉላት በሙሉ ድምፃቸው። ነጋዴውም ጸሐፊውም ተከተሉ።

ዓዲላ ዞር ዞር ብላ ሰዉን አየች። ሁሉም እጁን ዘርግቷል፣ ሥርዓቱ አልጎደለም። እሷም መዳፏን ዘረጋችና «ሚን!» አለች። ከዚያ መራቂዋን ፈለገች። መራቂዋ ዛሬ ዘይቱና አይደለችም። በትንንሽ እግሮቿ እየተወላገደች ወደ ሰሊማ ሄደች፣ በሁለት እጇም የእናቷን እርጥብ ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ አበሰችላት። ሰሊማ ቀስ ብላ ክንዶቿን በልጇ ላይ አጠፈች። ዓዲላም አልተራገጠችም።

ዘይቱና ሳቀች። ከዚያም እዚያው ቆማ የራሷን ፊት በራሷ መዳፍ አበሰች።