ጆንያውን የገለበጥን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስወጣ ሬዲዮው ስለ ሩሲያና ስለ አሜሪካ ያወራ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ሹፌሩ እየዳበሰ ነው የሚነዳው። መንገድ ሲረዝም ወሬም ይረዝማልና ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጎልማሳ "ሩሲያ ናት የክፉ ቀን ወዳጃችን!" ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ "ታዲያ ዲቪ የምትሞላው ለሞስኮ ነው?" ብላ አሳቀችን። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ "እማማ፣ እርስዎስ ለማን ነዎት?" አለኝ።

"እኔማ በሁለቱ መሀል ጆንያ ስገለብጥ ነው ልጅነቴ ያለቀው" አልኩት።

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ደሴ መግቢያ፣ ሸዋ በር እንኳ አላደረሰኝም።

ነገሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት እኖር ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ወንድሜ እንጂ እኔ አይደለሁም። የአማርኛውን ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጠርኩ፤ የፈረንጁን ግን ያስተማረኝ የለም። ከወንድሜ ደብተር፣ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ አንድ አንድ እያልኩ ነው የለቀምኩት። ትርጉሙን ሳላውቅ ድምፁን አነበው ነበር። በዚያች ቁራጭ እውቀት እንዴት እንደምኮራ! ሰው ባጠገቤ ሲያልፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ የቆርቆሮ ጽሑፍ አነባለሁ።

ያኔ ከከተማው ዳር፣ በሽቦ የታጠረ የእርዳታ እህል መጋዘን ነበር። ሥራዬ የተቀደደ ጆንያ መስፋት ነው። ለውሎዬ ስንዴ ይሰፈርልኛል፤ ቀን ላይ ደግሞ ንፍሮ ይቀቀልልናል። ንፍሮውን ከክምሩ ጀርባ ተሸሽገን ነበር የምንበላው፤ ከሽቦው ወዲያ የሚያይ ዓይን ብዙ ነበርና። ጥቅምት ነው፤ በደህና ዘመን ማሽላው ፍሬው ከብዶት አንገቱን የሚደፋበት ወር። ያን ዓመት ግን ከየማሳው የሚነሳው አቧራ ብቻ ነበር። ከቢስቲማ በኩል፣ ከየቆላው፣ ሰዉ በእግሩ እየመጣ ሽቦው ሥር ይወድቅ ነበር።

አንድ ማለዳ የመጋዘኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ሽመልስ ካኪውን ለብሶ ክምሩ ላይ ወጣ።

"ጓዶች! ከነገ ወዲያ የሶቪየት እንግዶቻችን ይጎበኙናል" አለና በጫማው ጫፍ የቆመበትን ጆንያ ነካ ነካ አደረገው። ጆንያው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተስለዋል፤ ከሥሩ የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ መሆኑን የሚናገር የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። "የወዳጆቻችንን ዓይን በኢምፔሪያሊስት ማስታወቂያ አንወጋም። ጆንያው ሁሉ ይገልበጥ!"

ከኛ ጋር ጆንያ የሚሰፉ አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን አወጡ።

"ጓድ፣ ከነስንዴው ነው?"

"እንዴት ከነስንዴው! ስንዴው ይፈሳል፣ ጆንያው ይገለበጣል፣ ስንዴው ይመለሳል፣ አፉ ይሰፋል።"

"እስከዚያ ይህ ሕዝብስ?"

"እደላው ከጉብኝቱ በኋላ ነው።"

አያ ይመር ወደኔ ጎንበስ አሉና፣ "ስንዴውስ ልጄ? እሱስ አብዮቱን ተቀብሎ ይሆን?" አሉኝ። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ። አዎ፣ ያን ቀን ስቄአለሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። የጆንያው አፍ የተሰፋበትን ክር ጫፉን ካገኙት አንዴ ሲስቡት ጥርር ብሎ ይወጣል፤ ካጡት በምላጭ መልቀም ነው። ስንዴው ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። ጆንያው እንደ ሹራብ እጅጌ ይገለበጥና ስንዴው በአካፋ ተመልሶ በሲባጎ ይሰፋል። ያም ሆኖ ጽሑፉ ከውስጥ ፈዘዝ ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ ይታይ ነበር። ጓድ ሽመልስ ራቅ ብሎ ቆመና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ "ከመኪና አይነበብም" አለ።

ሽቦው ዳር፣ እኔ ከምሰፋበት ትይዩ፣ ዘሐራ የምትባል ሴት ተቀምጣ ነበር። ከቢስቲማ ማዶ ነው የመጣችው። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራለች፤ የቀረቻት ሦስት ዓመት የሚሆናት ከድጃ ናት።

"እህት ዓለም፣ ዛሬ ይሰጣል?" አለችኝ።

"ነገ" አልኳት፤ ከጉብኝቱ በኋላ ነው ማለት ከብዶኝ።

"አልሐምዱሊላህ። ነገማ ቅርብ ነው" አለችና ልጅቱን፣ "አብሽሪ፣ ነገ ነው አለች፣ ሰማሽ?" አለቻት።

ከድጃ ጣቷን በሽቦው አሾልካ፣ ከሸራው ፈንጥቆ መሬት ላይ የወደቀ አንድ ፍሬ ስንዴ ልትነካ ትሞክር ነበር። ፍሬው ከጣቷ ትንሽ ይርቃል። ጓድ ሽመልስ በዚያ አለፈ። "ወለሉ ይጠረግ!" አለ። መጥረጊያውን አንስቼ ጠረግሁት። ያን ፍሬም አብሬ ጠረግሁት። ልጅቱ ጣቷን አልሰበሰበችም፤ ባዶውን መሬት መንካቷን ቀጠለች።

ከቀትር በኋላ ጓድ ሽመልስ ተጨነቀ። በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ በዝቶበት ነው። መጋዘኑ ጥግ ለብቻው የተከመረ ሌላ ዓይነት ጆንያ ነበር፤ ቀይ ቅጠል የተሳለበት።

"የፈረንጅ ፊደል የሚለይ አለ?" ብሎ ጮኸ።

"እኔ!" ብዬ ተነሳሁ። አያ ይመር ቀና ብለው አዩኝ።

"ይኸውልሽ ጓዲት" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄ የአሜሪካኖቹ ካልሆነ አሁኑኑ አድለን በሩን እናጸዳለን። የነሱ ከሆነ ግን ተራውን ጠብቆ ይገለበጣል። እስቲ አንብቢ።"

አነበብኩ። ካ... ና... ዳ። ድምፁ ወጣልኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አገር ይሁን፣ የስንዴ ስም ይሁን፣ የሰው ስም ይሁን። "አላውቅም" ማለት ሞት መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነስቼ፣ አውቃለሁ ብዬ! ደግሞ የአሜሪካኖቹ አይደለም ብዬ ኋላ የነሱ ሆኖ ቢገኝ ማን ያድነኛል? ያኔ በአንድ ቃል ሰው ይጠፋ ነበር።

"የነሱው ነው" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ተጽፏል እኮ!"

ጓድ ሽመልስ ራሱን ነቀነቀ። "ጎበዝ" አለኝ። ያ ክምር የመጨረሻው ተራ ደረሰው።

በማግስቱ፣ በጉብኝቱ ዋዜማ፣ ሕዝቡ ለእንግዶቹ ዓይን እንዳይታይ በዱላ እየተነዳ ከመጋዘኑ ማዶ ካሉት ባሕር ዛፎች ጀርባ ተወሰደ። ዘሐራ በአጠገቤ ስታልፍ ከድጃን በአንቀልባ አዝላታለች። መናገር ከብዷት ይሁን ተቀይማኝ፣ ያን ቀን ይሰጣል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

የጉብኝቱ ቀን በግ ታረደ። የጥብሱና የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ነፋስ ይዞት ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄደ። መጋዘኑ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መስሏል፤ ጆንያው ሁሉ ነጭ፣ ጽሑፍ የሌለው፣ የማንም ያልሆነ። ቀትር ሲሆን መኪኖቹ መጡ። እኛ ተሰልፈን አጨበጨብን። መኪኖቹ ፍጥነታቸውን እንኳ ሳይቀንሱ አቧራውን አልብሰውን ወደ ሐረጎ ወጡ። ደሴ ምሳ ቀርቦላቸው ኖሯል።

ጓድ ሽመልስ እጁን እንዳነሳ ቀረ። አያ ይመር፣ "ለነገሩ ስንዴው አርፎ ነበር፤ እኛ ነን የቀሰቀስነው" አሉ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። በጉን ኮሚቴው በላው።

እደላው በማግስቱ ማለዳ ሆነ። እኔ ፊደል አዋቂ ተብዬ በር ላይ ነፍስ እንድቆጥር ቆምኩ። ለአንድ ነፍስ ይህን ያህል ጣሳ ተብሎ ተወስኗል፤ ያልመጣ ነፍስ አይሰፈርለትም።

ዘሐራ ተራዋ ደረሰ።

"ስንት ነፍስ?"

"ሁለት" አለች።

ከአንቀልባው ሥር የከድጃ እግር ወጥቶ ይታያል። ዓይኗ አልተከደነም፤ ዝንብ አርፎበት አላርገበገበችም። ዘሐራን አየኋት። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ነጠላዋን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

"ሁለት ናቸው?" አለ ጓድ ሽመልስ ከኋላዬ።

"ሁለት ናቸው" አልኩ።

የሁለት ነፍስ ተሰፈረላት። በነጠላዋ ቋጠረችው፤ ስንዴው ፊት ለፊት፣ ልጅቱ ከኋላ። አያ ይመር አካፋቸውን ይዘው ተከተሏት። የስንዴ አካፋ ነው። ሲመለሱ አጥበውት መጡ።

ከወር በኋላ ደግሞ የሰጪዎቹ አገር ሰዎች ፎቶ ሊያነሱ ነው ተባለና፣ የቀረው ጆንያ ሁሉ ጽሑፉ እንዲታይ ተመልሶ ተገለበጠ። እጃችን ስለለመደ በግማሽ ጊዜ ጨረስን።

ደርጉም ወደቀ፣ ሶቪየትም ፈረሰች፤ እኔም ደሴ አግብቼ ወልጄ ከረምኩ። አንድ የገበያ ቀን ማሽላ ስመርጥ አንዲት ሴት አንገቴን አንቃ ሳመችኝ።

"ያች የስንዴዋ ልጅ! ወላሂ እሷ ናት!" ዘሐራ ነበረች። እንደገና አግብታ፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች። "ያን ቀን አንድ ብትይ ኖሮ እኔም እዚያው ቀርቼ ነበር። በከድጃ ድርሻ ነው ቤቴ የደረስኩት። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ!"

አፌን ከፈትኩ። ቅጠል ያለበትን ጆንያ ልነግራት ነበር። "ያን ዕለት 'የነሱው ነው' ባልል በዚያው ከሰዓት ትበሉ ነበር" ልላት ነበር። እሷ ግን ምርቃቷን አልጨረሰችም፤ "አሚን በይ እንጂ!" አለችኝ።

"አሚን" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ በልጇ እጅ ማሽላ ትልክልኛለች። የእህቴ ልጅ ታሪክ አስተማሪ ነው፤ የዘሐራን ስም ሳልጠራ አንድ ቀን ስለዚያ ጆንያና ስለ መልሴ ጠየቅሁት። ካናዳም ከአሜሪካ ወገን ነበረች፣ ልክ ብለሻል አለኝ። ሰው ልክ በመሆኑ እንዲህ ያዝናል? ሁለቱ ኃያላን ለምን እንደተጣሉ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ገብቶኛል። ያልገባኝ አንዲት "አላውቅም" የምትል ቃል እንዴት እንዲያ ከበደችኝ የሚለው ነው።

ዘሐራ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን የጻፍሽው ስለማታነበው ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ አልከራከረውም። ዘንድሮም ማሽላዋ ደርሷል። አስፈጭቼ ገንፎ አገነፋሁት፣ ቅቤ ጨመርኩበት፣ በላሁ። ጣፈጠኝ።