ለዳኛው የመጣችው ሰዓት

ባሌ ደመቀ ሳምንቱን ሙሉ አየር ጤና አናጢ ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የኮልፌ ቀበሌዎች ኳስ ሲጋጠሙ ዳኛ። ደሞዝ የለው፣ ምስጋና የለው! እኔ ያገባሁት አናጢውን ነው፤ ፊሽካውን ምርቃት ጨመሩልኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ ሰሞን ጉድ ፈላ። አሮጌ ሰዓቱ እየቀደመች፣ የአየር ጤና ልጆች ጎል ሊያገቡ ሲሉ ጨዋታውን ጨረሰባቸው። «ተከፍሎታል!» እያሉ እስከ ቤታችን ተከተሉት። አምበላቸው ነገሬማ ደጃፌ ላይ ቆሞ «ሌባ ዳኛ!» አለው። ደመቀ ስድብ ለምዷል፤ ሌባ መባል ግን ሆዱ ገባ፣ እህል አስጠላው። በሚቀጥለው እሁድም የሚጫወቱት እነዚያው ልጆች ናቸው። «ወይ ትክክለኛ ሰዓት አስራለሁ፣ ወይ ፊሽካዬን አስረክባለሁ» አለ።

በዚህ መሃል ነው አምሐ የመጣው። የኅብረት ሱቁ ዕቃ ቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤታችን ነው፤ መርከበኛ ወንድሙ የላከለትን፣ እጅ ሲወዛወዝ ራሱን የሚሞላ ኦቶማቲክ ሰዓት በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ያዘ። መልኳ ሲያምር! ፊቷ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ከመሙያዋ በላይና በታች ሁለት ቁልፎች አሏት።

«እውነቱን ልንገርህ፣ ደመቀ» አለ። «ሰዓትና ደቂቃ በደንብ ትቆጥራለች። ረጅሟ ሰከንድ ቆጣሪ ግን ሞታለች፤ ንቅንቅ አትልም። የቀነስኩልህም ለዚህ ነው።»

ደመቀ ዕቃ ሲገዛ ለልጁ ሚስት የሚመርጥ ነው የሚመስለው። «እስከ እሁድ ልሞክራት» ብሎ ተቀበለ። ጆሮው ላይ ለጠፋት፤ መስታወቷን በጥፍሩ ፈተሸ፤ አስሯት እንጨት ላገ፤ ሬዲዮ ሰዓት በተናገረ ቁጥር አስተያያት። አንድ ቀን ደግሞ አውልቆ አስቀመጣት፣ ካልታሰረች እስከ መቼ እንደምትሄድ ሊያይ። አልቆመችም፣ አልዘገየችም። ሁለቱን ቁልፎች ብቻ፣ የሰው ዕቃ እንዳላበላሽ ብሎ አልነካቸውም። የሰፈሩ ሰዓት ሠሪም ሳይከፍታት አገላብጦ አያትና «የሰከንዷ ጥርስ ተበልቶ ነው፤ ለኳስ ምን ያደርግልሃል? ግዛት» አለው። እሱም ሊገዛ ቆረጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ስወለውል ሰዓቷን አነሳሁና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኳት። ሳላስበው የላይኛውን ቁልፍ ጫን አደረግኩት። የእግዜር ያለህ! የሞተችው ሰከንድ ቆጣሪ ብድግ ብላ መሮጥ ጀመረች! ደግሜ ስጫነው ቆመች። የታችኛውን ስነካው ዘላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ለካ አልሞተችም፣ የሚያዛት አጥታ ነው! ለሩጫና ለኳስ መለኪያ የተሠራች ሰዓት ናት።

«ደመቀ! ና እይ!» አልኩ።

አየ። እንደ ልጅ እየሳቀ ደጋግሞ ተጫናት። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«አምሐ ይህን አያውቅም» አለ።

«አያውቅማ! ዝም በልና ግዛ!»

«ሌባ ብለውኛል እኮ፣ ተናኘ። አሁን ዝም ብዬ ብገዛት እውነታቸውን ሊሆን ነው።»

ደሜ ፈላ። የእነዚያን ባለጌዎች አፍ የምታዘጋለት ይህቺው ሰዓት ናት፤ እሱ ደግሞ ሊመልሳት! ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እሁድ ሜዳው ጢም ብሏል። ነገሬና ጓደኞቹ ገና ሲያዩት ማጉረምረም ጀመሩ። ደመቀ ግን ቀጥ ብሎ አምሐ ዘንድ ሄደና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሰዓቷን ቁልፍ ተጫነ።

«አምሐ፣ ሰዓትህ ጤነኛ ናት። በዚህ ዋጋ እንዳትሸጣት። በእውነተኛ ዋጋዋ እንዳልገዛት ደግሞ እኔ አቅሙ የለኝም።»

አምሐ ሰዓቷን ተቀብሎ የምትሮጠውን ሰከንድ ቆጣሪ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ግንባሩ መሬት እስኪነካ አመሰገነና ሰዓቷን በራሱ እጅ ላይ አሰራት። ለጨዋታው እንኳ ላውስህ አላለውም! እኔ ዳር ቆሜ ጣቴን ነከስኩ።

ደመቀ ያቺኑ አሮጌውን አሰረና ወደ ነገሬ ዞረ። «ይህቺ እንደምትቀድም ታውቃለህ። ካላመናችሁኝ ፊሽካው ይኸው፤ ሌላ ሰው ያጫውታችሁ» አለው።

ነገሬ ጓደኞቹን አየ፤ አምሐ እጅ ላይ የምትሮጠውን ሰከንድ ቆጣሪ አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ይንፉ፣ ጋሽ ደመቀ» አለ። «እርስዎ አለቀ ካሉ አለቀ ነው።»

ያቺ ሰዓት አሁንም ትቆጨኛለች፣ አልዋሽም። ያን ጊዜ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የዚያን ቀን ጨዋታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እግዜር ይወቀው፤ የአየር ጤና ልጆች ተሸንፈው እንኳ አንድም ሰው አልጠየቀም።