ጥቁር የጥፍር ቀለም

አባቴ አሜሪካ፣ ታኮማ ከተማ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ተዘርፎ፣ በማግስቱ አንድ ትልቅ ሽጉጥ ገዛ፤ ሲተኮስ ክንድ ይገነጥላል የሚባልለት ዓይነት። አንድ ቀን እንኳ ተኩሶት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈታትቶ ይወለውለዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ በቃ።

አባቴ በእርጅና መርሳት ሲጀምር፣ ጎረቤት ከተማ ፌደራል ዌይ የሚኖረው ወንድሜ ሽጉጡን ወሰደና ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋ መጫወቻ ተካበት። ክብደቱ ሳይቀር አንድ ነው። መጫወቻ መሆኑን የምትናገረውን የአፈሙዙን ብርቱካናማ ጫፍ እኔ በጥቁር የጥፍር ቀለም ሸፈንኳት።

አባቴ ግን አጥብቆ ስለሚወለውል ቀለሙ ይለቃል። እሁድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንደገና እቀባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እያለቀስኩ ነበር የምቀባው። አሁን ሳህን እንደማጠብ ነው። ወንድሜ ኮል አድርጎ «እስካሁን አልነቃም አይደል?» ሲለኝ «አልነቃም» እለዋለሁ። እሱ እንደሆነ መጥቶ አይቀባ!

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ወልውሎ ጨረሰና ጨርቁን አጣጠፈ።

«የጥፍር ቀለምሽ እያለቀ ነው መሰለኝ» አለኝ ቀና ሳይል። «ስትወጪ ሌላ ግዢ። ወንድምሽ እንዲህ ሆኖ ካየው ያፍራል።»